የኤሌክትሪክ ምጣድ ከመጣሉ በፊት፦ ምኑ እንደተበላሸ ማወቂያና መጠገኛ ብልሃቶች

ጉልቻ

ሰላም ለመድረኩ። «አዲስ ምጣድ ስንት ገባ?» የሚል ጥያቄ እዚህ በየጊዜው ይነሳል፤ የአሮጌው ምኑ እንደተበላሸ ግን የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። ምጣድ አንድ ወጥ ዕቃ ስለሚመስለን አንድ ነገሩ ሲቃጠል ሁሉንም እንጥላለን። ሸክላው፣ በጀርባው ቦይ ውስጥ የተኛው የግለት ሽቦ፣ ሽቦውና ገመዱ የሚገናኙበት ሞርሴቶ፣ ገመዱ፣ ሶኬቱና ላሜራው የየራሳቸው ዕድሜ አላቸው። ከሁሉም ለመተካት የሚያስቸግረው በደንብ የተሟሸ ሸክላ ነው። ቶሎ የሚሞተው ደግሞ ርካሹ ክፍል፣ መገናኛው ነው።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። 3500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። የቤታችን ባለ ክብ እግር ሶኬት የተሠራው ቢበዛ ለ16 አምፔር ነው። ስለዚህ ምጣድ ሶኬቱንም ሞርሴቶውንም ሁልጊዜ በአቅማቸው ጫፍ ላይ ነው የሚያሠራቸው። አንድ ቪት ትንሽ ከላላ እዚያ ቦታ ላይ ይግላል፣ ሲግል ይዝጋል፣ ሲዝግ የባሰ ይግላል።

የምታውቁትን እዚህ እናሰባስብ። አሠራሩን ብቻ፦ በምን ይታወቃል፣ በምን ይጠገናል፣ መቼ ይተዋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ ሶኬቱ ሳይነቀል ምንም አይነካም። ብሬከር ማውረድ ብቻ አይበቃም። ብዙ ቤት ብሬከሩ የሚቆርጠው አንዱን መስመር ብቻ ነው፤ ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራል (የሚመልሰው) ተገላብጠው የተገጠሙበት ቤትም አለ።

አክንባሎ

መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) የሌለው ሰው በአንድ እፍኝ ዱቄት መመርመር ይችላል። ምጣዱ ቀዝቃዛና ደረቅ እያለ ነጭ ዱቄት በወንፊት ስስ አድርጋችሁ ፊቱን በሙሉ አልብሱት። የስንዴ ይሻላል፣ ለውጡ በደንብ ይታይበታል። ከዚያ ሳትከድኑ አብሩና ዓይናችሁን አትንቀሉ። ዱቄቱ መጀመሪያ የሚቀላው ሽቦው ባለፈበት መስመር ላይ ስለሆነ ቦዩ ከላይ ተስሎ ይወጣል።

ሁሉም ቦታ እኩል ከቀላ ሽቦው ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ሌላ ጋ ነው። ግማሹ ወይም አንድ ቀለበት የሚያህለው ነጭ ከቀረ ምጣዱ ሁለት ሽቦ ያለው ነው፣ እዚያ ያለውም ተበጥሷል። መሃሉ ጠቁሮ ዳርና ዳሩ ነጭ ከሆነ ሽቦው ሲዘረጋ በእኩል አልተሳበም። መዳፍ የምታህል አንዲት ቦታ ብቻ ከሌላው ቀድማ ካረረች ደግሞ የሽቦው ጥቅልሎች እዚያ ላይ ተጠጋግተዋል፤ እንጀራው ሁልጊዜ የሚይዘውም እዚያ ላይ ነው።

ዱቄቱ ወርቃማ ሲሆን አጥፉና በደረቅ ማሰሻ ጥረጉት። እስኪከስል ከተተወ ሽታው ቀጥሎ በሚጋገሩት ላይ ይቀራል።

ኦምሜትር

አክንባሎ ያለችው ላይ ቁጥር ልጨምር። መልቲሜትር ያለው ሰው ሶኬቱን ነቅሎ በሁለቱ የሶኬት እግሮች መካከል በኦም ይለካ። ምጣዱ ማብሪያ ካለው ማብሪያው «በርቷል» ላይ መሆን አለበት። ለ3500 ዋት ምጣድ የሚጠበቀው ወደ 14 ኦም ነው (220 ሲባዛ በ220፣ ሲካፈል ለ3500)።

14 አካባቢ ካሳየ ሽቦውም ገመዱም አልተበጠሱም። ምንም ካላሳየ አንድ ቦታ ተቆርጧል፤ ከሶኬቱ ጀምራችሁ ወደ ውስጥ ፈልጉ፣ ሽቦውን መጨረሻ ላይ ጠርጥሩት። 28 አካባቢ ካሳየ ምጣዱ ሁለት እኩል ሽቦ ጎን ለጎን የተያያዘበት ነው፣ አንዱም ሞቷል። ያኔ ጉልበቱ 1750 ዋት ብቻ ነው የሚሆነው። «ይግላል ግን እንጀራው ዓይን አያወጣም» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይኼ ነው፤ ሊጡን ወይም አብሲቱን የሚያማርር ሰው መጀመሪያ ይህን ይለካ።

ሁለተኛው ምክንያት የቮልቴጅ መውረድ ነው። ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር በቀጥታ ሳይሆን በካሬው ነው የሚወርደው። 190 ቮልት ላይ ያው ምጣድ 2600 ዋት ገደማ ይሆናል፤ 180 ላይ 2340 ገደማ። ቮልቴጁ የወረደው ከውጭ ይሁን ከቤት ውስጥ ለመለየት ሁለት ጊዜ ለኩ፦ ምጣዱ ጠፍቶ፣ ከዚያም በርቶ። ሲጠፋም ሲበራም 190 ከሆነ ከመስመሩ ነው፣ ጠዋት በማለዳ መጋገር እንጂ ምጣዱን መፍታት አይረዳም። ጠፍቶ 220፣ በርቶ 190 ከሆነ ግን 30ው ቮልት የሚቀረው በአብዛኛው ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ ባለው ገመድና መገናኛ ላይ ነው። ያ ማለት 400 ዋት የሚጠጋ ግለት ግድግዳው ውስጥ ወይም ሶኬቱ ውስጥ እየነደደ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ውሎ ሳያድር አስተካክሉ።

ጀማሪ 3

ገመዱ ምን ያህል ውፍረት ይሁን? ማከፋፈያስ ያስኬዳል ወይ?

ኦምሜትር

ከቆጣሪው ብቻውን የሚመጣ መስመር፣ 4 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ገመድ፣ 20 አምፔር ብሬከር። 2.5 ካሬ መንገዱ አጭር ከሆነ ይችላል። 1.5 ካሬ ለመብራት ነው፣ ለምጣድ አይሆንም።

ማከፋፈያ አይሆንም። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ 0.75 ካሬ ናቸው። 10 ሜትር ርዝመት ያለው ከሆነ ከ110 ዋት በላይ ግለት ገመዱ ላይ ብቻ ይቀራል። ተዘርግቶ ከሆነ ይሞቃል፤ እንደተጠቀለለ ከሆነ ግለቱ መውጫ አጥቶ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።

የሞርሴቶ ሰው

ስለ መገናኛው። የታችኛውን ላሜራ በካቻቪቴ ፈታችሁ ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታዩት ሞርሴቶው ነው። ፕላስቲክ ከሆነና ጠርዙ ቡናማ ከሆነ ሥራውን ጨርሷል። የሚተካው በሸክላ ሞርሴቶ ነው። ፕላስቲኩን በሌላ ፕላስቲክ መተካት ያንኑ ጥገና ደግሞ መጥራት ነው።

ምናለሽ ተራ ከተጣለ ካውያና ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ምድጃ የወጣ የሸክላ ሞርሴቶ ይገኛል፤ ሽቦውን ከላሜራው የሚለዩት እንደ ዶቃ የሚሰካኩ የሸክላ ቀለበቶችም እንዲሁ። እነዚህ ካልተሰነጠቁ አሮጌ መሆናቸው ችግር የለውም፣ ሸክላ በግለት አያረጅም። የካውያ ገመድ ግን አትውሰዱ። ጨርቅ ስለለበሰ ግለት ይችላል እየተባለ ይሸጣል፤ ልባሱ ይችላል፣ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ቀጭን ነው፣ 16 አምፔር አይሸከምም።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። የገመዱን ጫፍ አንድ ሳንቲ ተኩል ግለጡ፣ የጠቆረውን መዳብ እስከ ቀዩ ድረስ ቁረጡ። የምጣዱን ሽቦ ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትጉ፤ ላዩ ላይ የሚሠራው ጥቁር ቅርፊት ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። ሽቦውን ድርብ አድርጋችሁ ጠምዝዙት፣ ብቻውን ቀጭን ስለሆነ ቪቱ ሥር ይንሸራተታል። ብሎንና ዳዶ ከሆነ የምትጠቀሙት በሁለቱም በኩል የብረት ሮንዴላ አስገቡ፤ መዳቡና ሽቦው ፊት ለፊት ተጣብቀው ይጠበቁ። አጥብቃችሁ፣ አንድ ጊዜ አግላችሁ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ እንደገና አጥብቁ። የመጀመሪያው ግለት ሁልጊዜ ያላላዋል፣ ይህን ሁለተኛ ማጥበቅ የሚዘል ሰው ነው ጥገናው የማይበረክትለት።

በቆርቆሮ መበየድ አይሞከርም። የብየዳው ቆርቆሮ ከ200 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ይቀልጣል፣ በዚህ ሽቦ ላይም በቀላሉ አይዝም። ናስትሮም እንዲሁ፤ ላሜራው ውስጥ ይቀልጣል፣ ከዚያ ይከስላል፣ ከሰሉም ኤሌክትሪክ ያሳልፋል።

ጀማሪ 3

ሽቦው መሃል ላይ ቢበጠስስ?

የሞርሴቶ ሰው

አንድ ቦታ ብቻ ከሆነና የቀረው ሽቦ ሲነካ እንደ ስፕሪንግ ከተመለሰ መቀጠል ይቻላል። ሁለቱን ጫፎች ፈትጋችሁ 3 ሳንቲ ያህል ደርባችሁ በፒንሳ ጥብቅ አድርጋችሁ ስድስት ሰባት ዙር ጠምዝዙ። መገጣጠሚያው ቦዩ ውስጥ በደንብ ይቀበር። ሲነካ የሚሰባበር ከሆነ ግን ሽቦው ደርቋል፤ ዛሬ ብትቀጥሉት ሌላ ቦታ ይቆረጣል። ሙሉውን ቀይሩት።

ዋናው ስህተት የተቃጠለውን ቁራጭ አውጥቶ ቀሪውን ስቦ ማገናኘት ነው። ሽቦው ባጠረ ቁጥር ኦሙ ይቀንሳል፣ አምፔሩ ይጨምራል። ከርዝመቱ አንድ አስረኛ ቢቆረጥ ያ 3500 የነበረው ወደ 3900 ዋት ይወጣል፣ የሚስበውም ወደ 18 አምፔር ይደርሳል። «ከጥገና በኋላ እንዴት ግሩም አድርጎ ይግላል!» ይባልለታል፤ ከዚያ ሶኬቱ ይቀልጣል።

ጉልቻ

ሙሉ ሽቦ መቀየሩን ዘርዘር ላድርገው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አዘረጋጉ ላይ ስለሆነ።

ሽቦው ተጠቅልሎ ነው የሚሸጠው። ሻጩ ፊት በኦም ለኩት፤ ምጣዱ አንድ ወጥ ሽቦ ከሆነ 14 ገደማ፣ ሁለት ጎን ለጎን ከሆነ እያንዳንዱ 28 ገደማ። ዋት ተጽፎበት የተለየ ቁጥር የሚያሳይ ብዙ ነው። ከዚያ ክር ወስዳችሁ በቦዩ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስተኙት፣ ክሩን አውጥታችሁ ለኩ። ሽቦው መሳብ ያለበት እስከዚያ ርዝመት ድረስ ነው።

አሳሳቡ፦ አንዱን ጫፍ ሚስማር ላይ አስራችሁ ሌላውን በፒንሳ ይዛችሁ በአንድ ቀስተኛ ኃይል ጎትቱ። በእጅ ቦታ ቦታውን እየቆነጠሩ መሳብ አይገባም፣ ጥቅልሎቹ የተራራቁበትና የተጠጋጉበት ቦታ ይፈጠራል፤ የተጠጋጉበት ቦታ ያራል። ወደ ዳር ባለው ዙር ግን ጥቅልሎቹ ሆን ተብሎ ትንሽ ጠጋ ጠጋ ይበሉ፣ የምጣዱ ጠርዝ በጎን በኩል ግለት ስለሚያፈስ ከመሃሉ የበለጠ ይፈልጋል።

መሸፈኛውን ብዙዎች በጀሶ ይደፍናሉ። ጀሶ ቶሎ ስለሚይዝ ሥራ ያቀላል፣ ነገር ግን ውስጡ ያለውን ውሃ ከ150 ዲግሪ በታች መልቀቅ ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ዱቄት እየሆነ ይረግፋል። የሚበረክተው የሸክላ ሠሪዎች አፈር ነው። በወንፊት የተነፋ የሸክላ አፈር ሁለት እጅ፣ ከተሰበረ ምጣድ ወይም እንስራ የተወቀጠ ገል አንድ እጅ፣ እንደ ወፍራም ሊጥ ተቦክቶ። ገሉ አንዴ እሳት ያየ ስለሆነ አይኮማተርም፣ አፈሩ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ጭድና እበት አይግባበት፤ ሲቃጠል ክፍተት ይተዋል፣ ከሰሉም ያሳልፋል።

ጥላ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይድረቅ። እርጥብ እያለ ከበራ ውሃው ኤሌክትሪክ ወደ ላሜራ ያሳልፋል፣ እንፋሎቱም መሸፈኛውን ያፈነዳዋል።

ኦምሜትር

ለማድረቁ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ፣ ሁለት ሽቦ ላለው ምጣድ ብቻ። ጎን ለጎን የነበሩትን ሁለት ሽቦዎች ለጊዜው አንዱን ከአንዱ ጫፍ አስከትላችሁ ቀጥሉ። 28 እና 28 ተደምሮ 56 ኦም ይሆናል፣ ጉልበቱም ወደ 870 ዋት ይወርዳል፣ ከሙሉው አንድ አራተኛ ማለት ነው። ከጥላው በኋላ ላሜራውን ከቤቱ የመሬት ገመድ ጋር አስራችሁ፣ አምስት ደቂቃ አብርታችሁ ሃያ ደቂቃ እያጠፋችሁ ቀሪውን እርጥበት በዝግታ ማውጣት ይቻላል። በዚያ ሰዓት ማንም ምጣዱን አይነካም። ሲጨርስ አገናኙን ወደ ቀድሞው መልሱ። አንድ ሽቦ ያለው ምጣድ ግን በፀሐይና በመጠነኛ ፍም ነው የሚደርቀው።

ሻርጃ ማዶ

እዚህ ኤምሬትስ ያለን ሰዎች ከአገር ቤት የመጣ ምጣድ ሦስት እግር ባለው ሶኬት ነው የምንሰካው፣ ፊውዙ ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል። ትልቅ ፊውዝ ማስገባት ይቻላል?

ኦምሜትር

አይቻልም። እዚያ ያለው ባለ ሦስት እግር ሶኬት ለ13 አምፔር ነው የተሠራው። በ230 ቮልት ምጣዱ 3800 ዋት ገደማ፣ ማለትም ከ16 አምፔር በላይ ይስባል። ፊውዙ ሥራውን እየሠራ ነው። በወፍራም ሽቦ ወይም በቆርቆሮ ወረቀት ከተካችሁት ቀጥሎ የሚቃጠለው ሶኬቱ፣ ከዚያም ግድግዳው ነው። መፍትሔው 20 አምፔር የሚችል፣ ሁለቱን መስመር አብሮ የሚቆርጥ ማብሪያ ያለው፣ ለምድጃ ወይም ለቦይለር የሚዘረጋ ዓይነት የራሱ መስመር ነው። የኪራይ ቤት ከሆነ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ያዘርጋ። ያ ካልተቻለ ሁለት ሽቦ ካለው አንዱን ብቻ አሠርታችሁ ቂጣና ቆሎ ማድረግ ይቻላል፣ እንጀራ ግን በዚያ ጉልበት አይሆንም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

አሜሪካ ላለነው ደግሞ ተቃራኒው ነው። የግድግዳው ሶኬት 120 ቮልት ስለሆነ ያው 3500 ዋት ምጣድ እዚህ 1040 ዋት ብቻ ይሰጣል። ቮልቴጅ መቀየሪያ የሚገዙ አሉ፤ ለዚህ ጉልበት የሚበቃው ከባድና ውድ ነው። የልብስ ማድረቂያው መስመር ግን 240 ቮልት፣ 30 አምፔር ነው። በዚያ ላይ ምጣዱ 4165 ዋት፣ 17 አምፔር ተኩል ይስባል፣ መስመሩ ይችለዋል። የኛ 60 ሄርትዝ መሆኑ ለግለት ሽቦ ለውጥ የለውም።

የሚረሳው ነገር፦ በ240ው መስመር ላይ ሁለቱም ሽቦዎች ፌዝ ናቸው። ከአገር ቤት የመጣው ምጣድ ማብሪያ አንዱን ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ «ጠፍቷል» ስትሉት ሽቦው ገና ኤሌክትሪክ አለበት። ሁለቱን አብሮ የሚቆርጥ ማብሪያ ይገጠም። የምጣዱ ገመድና ሶኬትም ለዚያ ብሬከር የሚመጥን ይሁን።

ይህ ሁሉ አድካሚ ከሆነበት ሰው ለኖርዌጂያኖች ቂጣ የተሠራው 16 ኢንች የቤታኒ ምጣድ በ120 ቮልት ይሠራል። የኛ ሰው እንጀራ መጋገሪያ ያደረገው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ነው። ስፋቱ 40 ሳንቲ ገደማ ስለሆነ እንጀራው ያንሳል፣ ሊጡም ትንሽ ቀጠን ይበል።

እንጎቻ

የሸክላው ስንጥቅስ? በሸክላ አፈርና በእንቁላል ነጭ ይደፈናል የሚሉ አሉ።

ጉልቻ

በእንጨት ለሚነድ ምጣድ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ብዙ አያስጨንቅም። ለኤሌክትሪክ ግን ሌላ ነው። ሊጥ ጨውም አሲድም ያለበት ውሃ ነው። ስንጥቁ እስከ ቦዩ ከደረሰ ሊጡ ወርዶ ሽቦውን ይነካል፣ ከዚያ የምጣዱ ፊት ራሱ ይነዝራል። ከላይ የሚደፈን ነገር ደግሞ በግለትና በቅዝቃዜ ሲሰፋና ሲኮማተር ይለቃል።

አለየዩ፦ ምጣዱን ገልብጣችሁ ከጀርባው በጣት መገጣጠሚያ ኳ ኳ አድርጉት። ጤነኛ ሸክላ ይጮሃል፣ ዘልቆ የተሰነጠቀ ድምፁ ይታፈናል። የታፈነው ከኤሌክትሪክ ይውጣ። ሽቦውን፣ ሞርሴቶውንና ላሜራውን ለአዲስ ሸክላ አቆዩ፤ ሸክላው መብራት ሲጠፋ በምርጥ ምድጃ (ማገዶ ቆጣቢው) ላይ ለቂጣ ይሆናል። ሲሰበርም ገሉ ለመሸፈኛው ይወቀጣል፣ ትልልቁ ስባሪ ለእጣን ማጨሻ ይሆናል።

ብዙ ስንጥቅ የሚመጣው በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከማፍሰስና በእርጥብ ጨርቅ ከመጥረግ ነው።

አክንባሎ

ሽቦ የተቀየረለት ምጣድ መሟሸት አለበት፣ ግለቱ ቦታ ስለለወጠ ድሮ የማይዝበት ቦታ ይይዛል። የተወቀጠ ጎመን ዘር አንድ ሁለት ሲኒ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ። ምጣዱ በደንብ ሲግል በትናችሁ እስኪጠቁር በጨርቁ እየተጫናችሁ አሹት፤ ጥረጉ፤ ሦስት ጊዜ ድገሙ። መስኮት ይከፈት፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ሰው ሠራሽ ክር ያለበት ጨርቅ ቀልጦ ይጣበቃልና ጥጥ መሆኑን አረጋግጡ።

መብራት ለመቆጠብ ደግሞ የሸክላውን ግለት መጨረሻ ላይ ተጠቀሙበት። ሁለት እንጀራ ሲቀር አጥፉ፣ ሸክላው በያዘው ግለት ይበስላሉ፤ የመጨረሻው ትንሽ ይቆያል እንጂ ይሆናል። ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት በአንድ ቀን ተከታትሎ ቢጋግር ሁለተኛው ቤት ምጣዱን ከባዶ ማጋል አይጠበቅበትም።

የሞርሴቶ ሰው

ስለሚነዝር ምጣድ ሳልል እንዳልቀር። ኒውትራሉን ከላሜራው ጋር የሚያስር «ባለሙያ» አለ፣ ንዝረቱ ወዲያው ይጠፋል። ይህ ገዳይ ነው። ኒውትራሉ አንድ ቦታ ቢላላ ወይም ሶኬቱ ተገልብጦ ቢሰካ ላሜራው በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። በላስቲክ ጫማ ቆሞ መጋገርም ጥገና አይደለም።

ትክክለኛው፦ አረንጓዴና ቢጫው ገመድ ቀለሙ ተፍቆ በነጣ ላሜራ ላይ በብሎንና በሮንዴላ ይታሰር፣ ሌላው ጫፉ ወደ ቤቱ መሬት ይሂድ። ቤቱ መሬት ከሌለው ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጠው 30 ሚሊአምፔር ብሬከር ይግባ፤ እሱ ያለ መሬትም ሰው ሲይዘው ይቆርጣል፣ መሬቱን ግን አይተካም።

ጥገናው ሲያልቅ፣ ሶኬቱ እንደተነቀለ፣ መልቲሜትሩን ትልቁ የኦም መለኪያ ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ በሶኬቱ እግር፣ ሌላውን በላሜራው ላይ አስነኩ። ከ1 ሚሊዮን ኦም በታች ካሳየ መሸፈኛው ገና እርጥብ ነው ወይም ሽቦው ላሜራውን ነክቷል። ሁለቱንም እግሮች ለዩና ለኩ፣ ከዚያ አግላችሁ ነቅላችሁ ትኩሱን ደግማችሁ ለኩ። ሁለቱንም ጊዜ ካለፈ ሊጥ ይፈሳል፤ ካላለፈ ተመልሶ ይከፈታል።